ለወንድሜ ልጅ ማሲንቆ ስንመርጥ

(በምሩቃን መገናኛ ቀን ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «አጠር ያለ ነገር አቅርቢልን» ሲሉኝ ስለ ሥራዬ ላወራ ነበር ያሰብኩት። ስላይድም ጀምሬ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ዓመቱን ሙሉ ስላይድ ሲያይ ለሚከርም ሰው በመገናኛ ቀኑ ሌላ ስላይድ ማሳየት ግፍ መሰለኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማሲንቆ ነው። ስለ ሁለት ማሲንቆ ብል ይሻላል። የመጀመሪያውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

እዚህ ጎንደር ስለ ማሲንቆ ማውራት ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት አዝማሪዎቹ ከተማው ውስጥ ድሮውንም ነበሩ። የእኛ ባች አባላት ታስታውሳላችሁ፤ የአናቶሚ ፈተና ያለቀ ዕለት ማታ አዝማሪ ቤት ገብተን፣ አዝማሪው ነጭ ጋውናችንን ከፎርማሊን ሽታችን ጋር እያነሳ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሲጫወትብን የነበረውን። አንደኛችን አልቅሶ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የታወቀ ሰርጅን ነው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል።

እኔ ግን የሲሪንቃ ልጅ ነኝ። ሲሪንቃን የማታውቁ፣ ከወልድያ ወደ መርሳ ስትሄዱ መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ። ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በእርሻ ምርምር ማዕከሉ ነው፤ የማሽላ ዝርያ በተነሳ ቁጥር ሲሪንቃ ትነሳለች። ወንድሜ እዚያው ያርሳል። የበኩር ልጁ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔን «እቴቴ» ትለኛለች። ልጅ የለኝምና የእኔም ልጅ ናት ብል ወንድሜ አይቀየመኝም።

ልጅቷ ማሲንቆ የጀመረችው በትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ነው። ክበቡ አንድ ማሲንቆና ሁለት ክራር ነበረው። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲደርስ ቤተሰቡ እንደ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ሲመለሱ የክበቡ ክፍል ባዶ ነበር። ብዙ ትልልቅ ነገር በጠፋበት ዓመት አንድ ማሲንቆ ጠፋ ብሎ የሚያወራ የለም፤ እሷም አላወራችም። በስልክ «ምን ላምጣልሽ?» ስላት ነው ቀስ ብላ «እቴቴ፣ ካልከበደሽ ማሲንቆ» ያለችኝ።

ገዛሁላት። አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ገብቼ ከግድግዳው ላይ በጣም የሚያምረውን አስወረድኩ። ቆዳው ላይ ሥዕል አለው፣ አንገቱ ላይ ቅርጽ ወጥቶበታል፣ ጠርዙ በጥለት ተከቧል። ዋጋውን ስሰማ «በቃ፣ ጥሩ ዕቃ ነው» አልኩ። አልነካሁትም። አንድ ጊዜ እንኳን ደጋኑን ሳብ አድርጌ ድምፁን አልሰማሁም። እስቲ አስቡት፤ በሽተኛ ሳልነካ መድኃኒት አልጽፍም ብዬ የምመካ ሰው!

ልጅቷ ስትቀበለኝ እጄን ሳመች፣ አመሰገነች፣ ዓመት ሙሉ በእሱ ተለማመደች። ቅሬታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። እኛ ዘንድ አክስት ያመጣችውን ዕቃ አይናቁም።

በዓመቱ ለፋሲካ ስሄድ ቀኝ እጇን በሻሽ አስራ አገኘኋት። አውራ ጣቷ ሥር ያማታል፣ ውሃ መቅዳት አቅቷታል። ፊንከልስታይን ሠራሁላት፤ ዘላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ለዚህ ታዳሚ ምርመራውን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የደኩርቫን ጅማት ብግነት ነው። አይቡፕሮፌን አዘዝኩ፣ እጇን አሰርኩ፣ «ለስድስት ሳምንት ማሲንቆ አትንኪ» አልኩ። ረፍቱ ሲያልቅ ጀመረች፤ በሁለት ሳምንት ሕመሙ ተመለሰ። ሌላ ረፍት አዘዝኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲደርስ ወንድሜ ያገኘው ሰበብ ደስ ብሎት «አየሽ፣ እግዜሩም አልወደደውም» አለ።

ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ለሠርግ አዝማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ተነስቶ ብር የሚለጥፈው እሱ ነው። ልጁ ራሷ ማሲንቆ ይዛ አደባባይ ትውጣ ሲባል ግን ሌላ ነገር ነው። «ሐኪም አክስት እያለሽ አዝማሪ?» አላት፣ እኔ ፊት። አዝማሪ የሚለው ቃል ከግዕዙ ዘመረ የመጣ ነው፣ ያመሰግናል ማለት ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «እሱን ለግዕዙ ንገሪው» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስለተሸነፍኩ ብቻ አይደለም። ውስጤ በከፊል ከእሱ ጋር ይስማማ ነበር። ልጅቷ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ጋውን ለብሳ ሳያት የሚመጣብኝ ደስታ አለ። ሕመሟን ሳክም ሳላውቀው የወንድሜን ጉዳይ እየፈጸምኩ እንደነበር ያስተዋልኩት ኋላ ነው። ረፍት ማዘዝ ቀላል ነው፤ ረፍት ሲበዛ መተው ይሆናል።

ከመርሳ ወጣ ብሎ ማሲንቆ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ የነገረችኝ እናቴ ናት። ልጅቷን ይዤ፣ ያንን ሥዕል ያለበትን ዕቃ በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። የሄድኩት አውራ ጣቷ ላይ እንዳይከብድ ደጋኑን ቀለል እንዲያደርጉልን ነበር።

ሽማግሌው ማሲንቆውን ተቀብለው አላዩትም። ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ቆዳውን በመሃል ጣታቸው ጫፍ ደግመው ደጋግመው መቱት። መሃሉን፣ አራቱን ማዕዘን፣ ከዚያ ጀርባውን። እኔ ሳቄ መጣ። ሁላችንም ሁለተኛ ዓመት ላይ እርስ በርሳችን ደረት ላይ የተለማመድነው ፐርከሽን ነው! አውንብሩገር በ1761 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፉን ያሳተመበት ዘዴ፤ አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸውና ሙላቱን ለማወቅ የወይን በርሜል ሲመታ ነው ያየው ይባላል። ሰውዬው ሙዚቃ አዋቂም ነበር፤ ለሳሊየሪ ኦፔራ ግጥም ጽፏል። ሽማግሌው አውንብሩገርን አያውቁም፤ ጣታቸው ግን ያውቃል።

«ዶክተርዬ፣ ይሄ ታፍኗል» አሉኝ። እውነትም ደል ነበር። ደረት ውሃ ሲቋጥር የምንሰማው ዓይነት።

ምክንያቱን አሳዩኝ። ሥዕሉ የተሳለበት ቀለም ቆዳውን እንደ ልስን ሸፍኖታል፤ መርገብገብ አይችልም። አንገቱ ሳጥኑን ዘልቆ እስከ ታች መውጣት ሲገባው ላይኛው ማዕዘን ላይ በሙጫ ተለጥፎ ቀርቷል። ገመዱ የፈረስ ጭራ ሳይሆን የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ይመስላል። ከዚያ የልጅቷን ሻሽ አይተው፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ «ዕቃው ስለማይናገርላት በጉልበት ልታናግረው ስትታገል ነው እጇ የተጎዳ» አሉ።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አይቻት፣ ሦስት ጊዜ እጇን መርምሬ፣ አንድም ቀን «እስቲ ስትጫወቺ ልይሽ» አላልኳትም። ልጅቷን ዘወር ብዬ ሳያት መሬት መሬት ታያለች። ታውቅ ነበር። እኔን ላለማሳፈር በራሷ ጅማት ከፍላለች።

ያን ቀን በቤታቸው ሦስት የተጠናቀቁ ማሲንቆዎች ነበሩ። እኔም የሳይንስ ሰው ነኝና ዓይነ ስውር ሙከራ ላድርግ አልኩ። ምናልባት ሰምታችሁ ይሆናል፤ አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ተመራማሪዎች ለሃያ አንድ ቫዮሊን ተጫዋቾች ስድስት ቫዮሊን ሰጥተው ነበር። ሦስቱ አዲስ፣ ሦስቱ የድሮ የጣልያን፣ ከነዚያም ሁለቱ የስትራዲቫሪ ሥራዎች። ተጫዋቾቹ እንዳይለዩ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ውጤቱ በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲታተም ብዙ ሰው ተናደደ፤ በብዛት የተወደደው አዲስ ቫዮሊን ነበር፣ በጣም የተጠላው ደግሞ ከስትራዲቫሪዎቹ አንዱ። ከስጦታ ሱቁ በኋላ ይህ ጥናት ለእኔ መጽናኛ ነው፤ ዋጋና ዝና ያታለለው እኔን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ በነጠላ ዓይኗን ሸፍኜ፣ ቅደም ተከተሉን እየቀያየርኩ ሦስቱን አስጫወትኳት። መጀመሪያ ሁለተኛውን መረጠች። ስደግም ሦስተኛውን። ስሠልስ አንደኛውን። ኤፒዲሚዮሎጂ ያስተማራችሁን መምህሮቻችን ይቅር በሉኝ፤ የናሙናው መጠን አንድ ነው፣ መልሱ ደግሞ ሦስት።

ሽማግሌው እስኪደክማቸው ሳቁ። «ልጅቷን ዝም አሰኝተሽ ዕቃውን ታናግሪያለሽ። ማሲንቆ ብቻውን ምን ይላል? ትዚምበት እንጂ!»

ልክ ናቸው። ቫዮሊን ብቻውን መድረክ ሊይዝ ይችላል። ማሲንቆ ግን ከሰው ድምፅ ጋር እንዲሄድ የተሠራ ነው። የሚቃኘውም በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። ስለዚህ ማሲንቆ ሲመረጥ የሚለካው ሁለቱ ነገር አንድ ላይ ነው፣ ዕቃውም ሰውዬውም። እኔን ደግሞ ከቤት አስወጡኝ። «ከቁልቋሉ ጀርባ ቁሚና ማን እንደሚሰማሽ ንገሪኝ። አጠገቡ ቁሞ የሚያዳምጥ ሁሉንም ይወዳል» አሉኝ።

ቆምኩ። ልጅቷ አምባሰል ጀመረች። አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከኛው ሀገር ነው። ማሪቱ ለገሰን ያደመጠ ሰው አምባሰል ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። በአንደኛው ማሲንቆ ስትጫወት ማሲንቆው ብቻ ተሰማኝ፤ ጮክ ያለና የሚያምር ነው፣ ልጅቷ ግን ሥር ገብታ ጠፋች። በሁለተኛው እሷ ብቻዋን ቀረች። በሦስተኛው ማን የትኛው እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። የልጅቷ ድምፅ ወፈር ያለ ነው፤ እኔ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ቀስ ብላ ነው የምታንጎራጉረው፣ ወንድሜ እንዳይሰማ። ከቁልቋሉ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለህ ወንድሜ ሆይ፣ ተካክለናል።

ሦስተኛውን ያዝን። ግን በዚያ አላለቀም፤ ጥሩ ሠሪ እንዳለ ዕቃ ሸጦ አይሸኝም። ሽማግሌው የግራ እጇን ጣቶች ዘረጉና ለኩ። ማሲንቆ እንደምታውቁት ጣት የሚጫንበት ሰሌዳ የለውም፤ ገመዱ ከአንገቱ ርቆ በአየር ላይ ነው፣ ጣት ከጎን ነካ ያደርገዋል። ገመዱ በጣም ከራቀ ትንሽ እጅ አይደርስም፤ በጣም ከቀረበ ጣት መላወሻ ያጣል። ለእሷ ብርኩማውን ዝቅ አደረጉት። ደጋኑንም ቀይረው ቀለል ያለ ሰጧት።

ከዚያ ቆዳውን ወደ ፀሐይ አንስተው አሳዩኝ። ፀሐይ ሲያልፍበት ኤክስሬይ ይመስላል። የፍየሏ የጀርባ መስመር መሃሉ ላይ መሮጥ አለበት፣ ግራና ቀኙ እኩል ውፍረት እንዲኖረው። በገፈፋ ጊዜ ቢላ የነካው ቦታ ከፈካ፣ ነገ የሚቀደደው እዚያ ነው። የሦስተኛው ማሲንቆ የፊት ቆዳ አንድ ጥግ ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ ነበረው። እኔ አላየሁትም፤ ራሳቸው ናቸው ጣታቸውን አስቀምጠው «ይሄ ሁለት ክረምት አይቆይም፣ እለውጠዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኑ» ያሉት። ክረምቱን ያነሱት በምክንያት ነው። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል፤ ፀሐይ ወይም የከሰል ሙቀት ሲያገኝ ይወጠራል። የሲሪንቃ ሙቀት ላይ የተወጠረ ቆዳ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሲገባ ሌላ ዕቃ ይሆናል። «የት ነው የምትጫወተው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ እኔን አየች፣ ከዚያ «ያሬድ መፈተን እፈልጋለሁ» አለች።

ይህን ስትል የሰማኋት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደምታውቁት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ማሲንቆን ከክራር፣ ከበገናና ከዋሽንት ጋር ያስተምራል። ሽማግሌው አልተደነቁም። «እንግዲያው ቆዳውን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ነው የምወጥረው» ብቻ አሉ።

ዋጋውን ስጠይቅ የስጦታው ሱቅ ካስከፈለኝ ግማሽ እንኳን አልሞላም። ጨምሬ ልሰጣቸው ስል «ሥዕል የለውማ» አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ተረኛ ሆኜ መሄድ አልቻልኩም። ወንድሜን ለመንኩት። «ለሌላ ጉዳይ መርሳ እሄዳለሁ፤ ካስታወስኩ አመጣዋለሁ» አለ። ጠዋት የሄደ ሰው ማታ ነው የተመለሰው። ማሲንቆውን ያለ ምንም ቃል መደብ ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ እራቱን በላ። ቆይቶ፣ ልጁን ሳያያት፣ «ይሄ አንዱ ገመድ ስንት የፈረስ ጭራ እንደሚገባበት ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ለካ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌው ጋር ተቀምጦ፣ እሳቸው ጭራውን ሲገምዱ ጫፉን ይዞላቸው ነው የዋለው። ልጅቷ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፈቅዷል ወይ? አልፈቀደም። «መጀመሪያ ማትሪክ» ነው የሚለው፤ ቴዎዶር ቢልሮት የተሳካ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራ ሰው ቫዮላ ይጫወት ነበር፣ ብራምስ ሁለት ኳርቴት አበርክቶለታል፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ ብዬ ብነግረው «ታዲያ እሷም መጀመሪያ ሐኪም ትሁና!» አለኝ። በራሴ ምሳሌ አሸነፈኝ። እኔ አሁን የቆምኩት የት እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ ግን፣ ከቁልቋሉ ጀርባ ከሰማሁት በኋላ ጋውኑን ከሐሳቤ አውልቄዋለሁ። የፈተናው ጊዜ ሲደርስ አዲስ አበባ ያለው ቤቴ ክፍት ነው። ይህንን ለወንድሜም ነግሬዋለሁ። አልተቆጣም፤ «ከሰል ይኖርሻል?» አለኝ፣ ለቆዳው ማለቱ ነው።

እጇ? በአዲሱ ማሲንቆ ስምንተኛ ወሯ ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ትለማመዳለች፣ ፊንከልስታይን ነጌቲቭ ነው። አይቡፕሮፌኑን እናቴ ለጉልበቷ ወስዳዋለች።

ሥዕል ያለበትን ደግሞ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ «እንዴት ያምራል!» ይላል።

ሰዓቴ እንዳለቀ መድረክ መሪው በዓይኑ እየነገረኝ ነው። ትናንት ማታ እዚህ ጎንደር ሲዘንብ ስላደረ የማሲንቆው ቆዳ ጠዋት ላልቶ ነበር። ልጅቷ ከቁርስ ጀምራ ከአዳራሹ ውጭ ፀሐይ ላይ ይዛው ተቀምጣለች። አሁን በሩ ላይ ቆማ በጣቷ ቆዳውን ስትመታ አያታለሁ፤ ራሷን ነቀነቀችልኝ፣ ደርሷል ማለት ነው። መብራቱን ከኔ ላይ አንሱና መሃሉ ላይ አንድ ዱካ አስቀምጡላት።